ጠብታ ቈጣሪዋ ተማሪ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ለአገልግሎት የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው፥ የዚህ ዘመን ወላጅ ለልጁ ምን እንደሚመኝ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በአንድ ወገን ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከጅቡቲ የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው፥ በሌላው ወገን የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች እንደ ሠራዊት በረድፍ ቆመው፥ በሕንጻዎቹና በጤፉ ማሳ መካከልም ከተማው ገጠሩን እየገፋ የሚሄድበት የጥቁር አፈር ዳር ተዘርግቶ፥ ከዚያ ማዶ በቂሊንጦ በኩል የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይታየዋልና። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ፥ አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘችበትን ድል ለማሰብ ስሙን የወሰደው፥ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ ያወጣል፤ ሆስፒታሉ ሕሙማንን ይቀበላል። የሠፈሩ ወላጅ ግን ልጁን በአሳቡ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ሲሸኝ እንጂ፥ ሐኪም ካልሆነች በቀር፥ ወደ ሆስፒታሉ በር ሲሸኝ አይታይም።

ከእነዚህ ሕንጻዎች በአንዱ፥ በአራተኛው ፎቅ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። አባትየው ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር ላይ የጨረሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እናትየው ለጎረቤትና ለሱቅ እንጀራ እየጋገሩ ያከፋፍላሉ። የበኵር ልጃቸው አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ የተፈጥሮ ሳይንስ ትማራለች። አባትየው ከጕዞ ተመልሰው እንግዳ በመጣ ጊዜ ወደ በረንዳው ይወስዱና በጣታቸው ወደ ማዶ እያመለከቱ፥ «ያንን ያያሉ? ልጄ የምትገባበት ነው» ይላሉ። ልጅቱ ግን አሥረኛ ክፍልን ስትፈጽም፥ እናቷ ቡና በሚያፈሉበት ሰዓት፥ ድምጿን ሳታሰማ ነርስ መሆን እንደምትፈልግ ተናገረች፤ ከዚያች ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ማዶውን በጣት ማመልከት እንደ ቀድሞው ደስ የሚያሰኝ ነገር አልሆነም።

አባትየው የመለሱላት መልስ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። «ልጄ፥ እኔ ሌሊት የነዳሁት አንቺ ሌሊት እንድትቆሚ ብዬ አይደለም።»

እናትየው በበኩላቸው ሲኒውን እያጠቡ፥ «የሰው ገላ ማጠብማ እኔም አውቅበታለሁ፤ ለእሱ አሥራ ሁለት ክፍል ምን ያደርጋል?» አሉ።

እኔ እንደማምነው፥ ከእነዚህ ሁለት ንግግሮች ጥልቁ የእናትየው ነው። የአባትየው ቃል ከፍቅርና ከድካም የመጣ ነውና መልስ ባይገኝለትም ይከበራል፤ የእናትየው ቃል ግን በአገራችን ስለ ነርስነት የሚታሰበውን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎ ያስቀመጠ ነው። በቤታችን ውስጥ የታመመን ሰው ገልብጣ የምታስተኛ፥ አጥሚቱን የምታጠጣ፥ ላቡን የምትጠርግ፥ ሌሊቱን ከራስጌው ቁጭ ብላ የምታነጋ ሁልጊዜ እናት ወይም እኅት ወይም ምራት ነች፤ ለዚህም አገልግሎቷ ደመወዝ የከፈላት፥ ትምህርት ቤትም የላካት የለም። በሆስፒታሉም ቢሆን አስታማሚ የሌለው ሕሙም ብርቅ ነው፤ በየአልጋው አጠገብ ሳህንና ፔርሙዝ ይዞ የሚያድር ዘመድ አለ። እንግዲህ ወላጅ፥ ከዘመዱ አጠገብ ነጭ ጋወን ለብሳ የምትመላለሰውን ነርስ ሲመለከት፥ ዘመዱ ከሚያደርገው የተለየ ምን እንደምታደርግ ዐይኑ አይነግረውም። መርፌ ትወጋለች፤ ግሉኮስ ትሰቅላለች፤ የደም ግፊት ትለካለች፤ በወረቀት ላይ አንድ ነገር ጽፋ ትሄዳለች። የሥራዋ ምሁራዊ ክፍል በዚያች ወረቀት ላይና በአእምሮዋ ውስጥ የተሰወረ ስለ ሆነ፥ የሚታየው የእጇ ሥራ ብቻ ነው፤ እጅ ደግሞ በአገራችን ልማድ ከአእምሮ በታች የተቀመጠ አገልጋይ ነው። በየዋርዱ ሴቷን ነርስ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል፤ ወንዱን ነርስ ግን ብዙ ጊዜ «ዶክተር» ብሎ ይጠራዋል፥ እርሱም ማረም ታክቶት ዝም ይላል። ይህች ትንሽ ልማድ ወላጅ በማዕርግ ላይ ያለውን አስተያየት ሳታስበው ታጋልጣለች።

ከዚህም በቀር የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። እኒሁ አባት የእኅታቸው ልጅ በአሜሪካ በሜሪላንድ ነርስ መሆኗን ለእንግዳ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ የምትነዳውን መኪና ዓይነትና የገዛችውን ቤት ስፋት ይዘረዝራሉ፤ ሌሊት መቆሟን አያነሡም። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየሆስፒታሉና በየአረጋውያን መጦሪያው በብዛት በዚህ ሙያ መሰማራታቸውን የማያውቅ ቤተ ሰብ በአዲስ አበባ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወላጅ የሚንቀው ሙያውን እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የሚፈራው ሙያው በዚህ አገር የሚከፍለውን ነው። ይህንን ፍርሃት ውሸት ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ በሚወጣበት ከተማ የጤና ባለሙያ ደመወዝ የሚያመጣውን ጭንቀት ባለሙያዎቹ ራሳቸው በይፋ ሲያሰሙት ኖረዋልና።

የስምን ነገር በሚመለከት ግን ታሪክ ከወላጆች ጋር አይስማማም። በኢትዮጵያ ስማቸው ከነርስነት ጋር ተያይዞ ከሚነሣ ሰዎች መካከል ቀዳሚዋ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናቸው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። ጣልያን አገራችንን ለመውረር በሚዘጋጅበት ወራት፥ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ገና በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሳለ፥ ልዕልቲቱ ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት ሴቶች ጋር ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ተሰማሩ፤ ለዓለም ሴቶችም የሰላም ጥሪ አሰሙ። በ1928 ዓ.ም. ከአባታቸው ጋር ወደ ስደት ከሄዱ በኋላ፥ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው ስመ ጥር የሕፃናት ሆስፒታል በተለማማጅ ነርስነት ገቡ፤ ሦስት ዓመት ያህል ተምረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 በመንግሥት የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ፤ ዓለም በጦርነት ስትታመስም በዚያው ከተማ በጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ።

አንድ አንባቢ ይህን ጊዜ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምነዋለሁ። ዙፋኑን የተቀማ፥ በባዕድ አገር በችግር የሚኖር ንጉሥ፥ ለልጁ ሊመኝላት የሚችለው ብዙ ነገር ነበረ፤ በስደት ዘመን ጥሩ ጋብቻ ራሱ ፖለቲካ ነውና። ልጂቱ ግን የታመመ ሕፃን ሽንት ጨርቅ የሚለወጥበትን፥ ሙቀቱ በየሰዓቱ የሚለካበትን፥ ተለማማጇ በሹም ነርስ ፊት ቀጥ ብላ የምትቆምበትን ቤት መረጡ። ድል ከሆነ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ልጅ ዐቢይ አበበን አገቡ፤ በሕክምና ሊያገለግሉ ያሰቡትን አገር ግን ብዙ አላገለገሉም። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት፥ በወሊድ ምክንያት፥ ገና በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። በነርስነት ሰልጥነው የመጡት ወጣት በዚያ ዘመን ስንትና ስንት ኢትዮጵያዊት እናት በምታልፍበት በር አለፉ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ እያሰባሰበች የተጋችለት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እርሱ ነው። በዚያው ዘመን ገደማ የቀይ መስቀል ማኅበር የነርሶች ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በ1954 ደግሞ፥ አሁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የጎንደር የጤና ኮሌጅ ከጤና መኰንኖች ጋር የማኅበረ ሰብ ነርሶችን ማስተማር ጀመረ።

ይህን ታሪክ ለአባትየው ነግሬያቸዋለሁ። በትዕግሥት አዳመጡኝና፥ «ልክ ነው፤ ግን እሳቸው የቤት ኪራይ አልከፈሉም» አሉኝ። ልክ ናቸው። የልዕልቲቱ ታሪክ ነርስነት የሚያዋርድ ሙያ አለመሆኑን ይመሰክራል እንጂ፥ በወር መጨረሻ ስለሚቈጠረው ገንዘብ የሚለው ነገር የለም።

ለዚህች ተማሪ ይበልጥ የሚቀርባት ምናልባት የእንግሊዛዊቷ የፍሎሬንስ ናይቲንጌል ታሪክ ነው፤ ይህም ስለ ክብሯ ሳይሆን በቤቷ ስላሳለፈችው ዘመን ነው። ባለጸጋ ወላጆቿ ልጃቸው ነርስ እሆናለሁ ስትላቸው እጅግ ደነገጡ፤ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሆስፒታል ቆሻሻና ጠረን የሞላበት፥ ነርሶቹም በስካር የሚታሙበት ቦታ ነበረና ድንጋጤያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከለከሏት። እርሷ ግን ከወላጆቿ ቤት ሳትወጣ፥ ቤተ ሰቡ ሳይነቃ በማለዳ እየተነሣች፥ ስለ ሆስፒታሎች የወጡ የመንግሥት ዘገባዎችን ማጥናት ጀመረች፤ ቍጥሮቹን እየለየች በመዝገብ ትጽፍ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ወደ ጀርመን አገር ወደ ካይዘርስቬርት ሄዳ ለጥቂት ወራት በተግባር የተማረችው ሠላሳ ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። በ1854 በክሪምያ ጦርነት ምክንያት ሠላሳ ስምንት ነርሶችን ይዛ ወደ ስኩታሪ ስትዘምትና፥ ኋላም ወታደሮቹ ከጥይት ይልቅ በንጽሕና ጉድለትና በተላላፊ በሽታ እንዳለቁ በሥዕለ ቍጥር ለመንግሥት ስታስረዳ፥ ኃይሏ የመጣው ከዚያ ከማለዳ ጥናት ነው። በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች፤ በ1860 በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ዓለም ፋኖስ ይዛ በሕሙማን መካከል ስትመላለስ ብቻ ያስባታል። እኔ ግን ሒሳብ ስትሠራ የሚያሳይ ሥዕል ቢኖር ኖሮ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እርሱ እንዲሰቀል እመርጥ ነበር።

ሒሳብን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በዚያው ሕንጻ ምድር ቤት የሚኖሩ፥ ብዙ ዘመን በዋርድ ያገለገሉ አንዲት ነርስ አሉ፤ ሠፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለቡና ተጠርተው መጥተው ሳለ፥ አባትየውም ከጕዞ ገብተው ነበርና፥ ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ከሲስተር አጠገብ ቁጭ አለች። ሲስተር ጥያቄ ሰጧት፦ አንድ ሕሙም አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በስምንት ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ እንዲገባለት ታዝዟል፤ የተሰቀለው ቱቦ አንዱን ሚሊ ሊትር በሃያ ጠብታ ያወርዳል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንዲወርድ ታደርጊያለሽ?

ልጅቱ ጻፈች። አንድ ሺሁ ሚሊ ሊትር በሃያ ሲባዛ 20,000 ጠብታ ይሆናል፤ ስምንቱ ሰዓት በደቂቃ 480 ነው፤ 20,000 ለ480 ሲካፈል አርባ አንድ ከምናምን ይመጣል፤ ምናምኑ ጠብታ ሊሆን ስለማይችል አርባ ሁለት ይባላል። አባትየው እስከዚያ ድረስ ቴሌቪዥን የሚያዩ መስለው ነበር፤ ነገር ግን ስልካቸውን አውጥተው በሥውር ያሰሉ ኖሮ፥ «አርባ አንድ ነጥብ ስድስት ነው» ብለው ከመቀመጫቸው ተናገሩ። ሲስተር ሳቁና፥ «ጋሼ፥ ግማሽ ጠብታ አይቈጠርም» አሏቸው። «ይሄማ የነዳጅ ሒሳብ ነው፤ ስንት ሊትር፥ ስንት ሰዓት፥ ስንት ኪሎ ሜትር» አሉ እርሳቸውም፥ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው እያስጠጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ትምህርት ቤት ሊባል ይችላል። ሲስተር እንዳስረዱት፥ አርባ ሁለቱ ጠብታ በስሕተት ሰማንያ አራት ቢሆን፥ የስምንት ሰዓቱ ፈሳሽ በአራት ሰዓት ያልቃል፤ ለብርቱ ጐረምሳ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ልቡ ለደከመ ሽማግሌ ግን ትርፉ ውኃ ወደ ሳንባው ገብቶ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ዐሥራ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ ዐሥራ አምስት ሚሊ ግራም ቢታዘዝ 180 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ ሽሮፑ በአምስት ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ከያዘ፥ የሚሰጠው ሰባት ተኩል ሚሊ ሊትር ነው፤ ነጥቡን አንድ ቦታ የዘለለ ሰው ዐሥር እጥፍ ይሰጣል። ዐሥር እጥፍ መድኃኒት መርዝ ነው። አባትየው ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም፤ ከሚስታቸው ንግግር ጋር እያነጻጸሩት እንደ ነበር ግን እገምታለሁ፤ ይህ ዓይነቱ ስሌት ከቤት ማስታመም የሚገኝ አይደለምና።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለነርስነት የምትዘጋጀው እንግዲህ ብዙዎች እንደሚያስቡት ነጭ ጋወን በመመኘት ሳይሆን በዚያችው በየቀኑ በምትማረው ትምህርት ነው፤ ልዩነቱ ትምህርቱን የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። በባዮሎጂ ክፍል መምህሩ ስለ ኦስሞሲስ ሲያስተምሩ፥ አብዛኛው ተማሪ ለፈተና የሚሆነውን ትርጉም ቀድቶ ያልፋል። እርሷ ግን የደም ሥር ግሉኮስና ጨዋማ ፈሳሽ ለምን በልክ እንደሚዘጋጅ ልትጠይቅ ይገባታል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ዘጠኝ ግራም ጨው ያለበት ፈሳሽ ለቀይ የደም ሕዋስ የሚስማማው፥ ባዶ ውኃ ቢሆን ሕዋሱ ውኃ ጠጥቶ ስለሚፈነዳ፥ ጨው ቢበዛበት ደግሞ ስለሚኰማተር ነው። በኬሚስትሪ የመበረዝ ስሌት የሚባለው ነገር በሐኪም ቤት ጓዳ ውስጥ በረኪና ነው፤ አምስት በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ሲያዋሕዱት ግማሽ በመቶ የሆነ መድኃኒት ይወጣል፤ የተጠቀሙበት መሣሪያ ከመታጠቡ በፊት ዐሥር ደቂቃ ሲዘፈዘፍ የኖረው በዚህ ነው። በዚያ እሑድ ሲስተር ይህንኑ ሲያስረዱ እናትየው፥ «እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው የማፈሰው» አሉና ሁሉም ሳቁ።

እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው፥ በሕሙሙ ካርድ ላይ የሚመዘገበው፥ ተረኛዋ ለተረኛዋ የምታስረክበው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕሙሙ ግን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው ሕመሙን የሚናገረው። በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ከገጠሩ ዳር ለሚመጣ ሕሙም ኦሮምኛ የምትችል ነርስ ከሁለት ነርስ ትበልጣለች፤ ልጅቱም ይህን ከሲስተር ሰምታ በሠፈሯ ካሉ ሕፃናት ጋር መለማመድ ጀምራለች። ይህ ዝግጅት ምንም ወጪ የለውም፤ ምናልባት ስለዚህ ይሆናል ማንም ዝግጅት ብሎ የማይቈጥረው።

ከመጽሐፉ ውጪ ያለው ደግሞ የእጅና የጠባይ ዝግጅት ነው። በየትምህርት ቤቱ የቀይ መስቀል ወይም የጤና ክበብ አለ፤ አንዳንዱ በስም ብቻ የሚኖር፥ አንዳንዱ ደግሞ በትጉህ መምህር እየተመራ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በሚኒ ሚዲያ ስለ ንጽሕና የሚያስተምር፥ የመጀመሪያ ርዳታም የሚያለማምድ ነው። የሚደማን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መያዝ፥ ራሱን የሳተን ሰው በጐኑ ማስተኛት፥ የተሰበረን እግር ከማንቀሳቀስ አስቀድሞ መደገፍ፥ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 እንደሚጠራ ማወቅ፥ ይህ ሁሉ በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሊለመድ የሚችል ነው፤ የከባድ መኪና መሄጃ በሆነ ሠፈርም ያለ ጥቅም አይቀርም። የጠባዩ ነገር ግን ከክበብ አይገኝም። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረ ይባላል፤ በመንገድ ላይ የቈሰለውን ሰው ያነሣውን የሳምራዊውን ምሳሌ የጻፈልንም እርሱ ብቻ ነው። በዚያ ምሳሌ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ሳምራዊው ያዘነው ኀዘን አይደለም፤ አይተውት ያለፉት ካህኑና ሌዋዊውም ሳያዝኑ አልቀሩም ይሆናል። ሳምራዊው ግን ቁስሉን ማጠብና ማሰር ያውቅ ነበር፤ ዘይትና ወይንም ይዞ ነበር፤ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ሒሳቡን ከፍሎ፥ የጐደለውን ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ተነሣ። ርኅራኄው ሥርዓት ነበረው። የነርስነት ጠባይ የሚባለው ይህ ነው፤ ማልቀስ የሚቀናት ልጅ ሁሉ ጥሩ ነርስ ትሆናለች የሚለው አስተያየት ትልቅ ስሕተት ነው።

ስለ ፈተናው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ከግማሽ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ቍጥር በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ፥ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበረ። በዚህ ጠባብ በር ፊት ቆሞ «መሐንዲስ ነው ነርስ?» ብሎ መከራከር ገና ላልተገዛ በሬ ቀንበር እንደ መምረጥ ነው። በሩን ላለፈች የነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በላይ ሌላ ነገር ይጠየቃል፤ የጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሙያ ብቃት ፈተና ያላለፈ ምሩቅ ፈቃድ አያገኝም። በሩን ላላለፈች ደግሞ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ የሚሰጥ ሥልጠና አለ፤ መንገዱ ረዘም ይላል እንጂ አልተዘጋም፤ በደረጃ ጀምረው እየሠሩ ዲግሪ የያዙ፥ ከዚያም በድንገተኛ ሕክምና ወይም በሕፃናት ወይም በቀዶ ጥገና ነርስነት የተለዩ በየሆስፒታሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ያሉ ነርሶች ወደ 28 ሚሊዮን እንደሚደርሱ፥ የሚጐድሉት ደግሞ ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚጠጉ፥ ጕድለቱም በአብዛኛው በድሆች አገሮች መሆኑን ገልጿል። ይህን ቍጥር ለአባትየው ሳነብላቸው፥ «ታዲያ ይህን ያህል ከጐደለ ለምን በደንብ አይከፍሉም?» አሉኝ። ከአንድ ሚኒስቴር በላይ የሚመልሰው ጥያቄ ስለ ሆነ እኔም አልመለስሁም።

በዚያ እሑድ ግን መልስ ሊሰጡ የሚችሉት ሲስተር ብቻ ነበሩና፥ አባትየው ጥያቄያቸውን ወደ እርሳቸው አዞሩ። ሌሊት ዲዩቲ ሲሆኑ በምን እንደሚሄዱ፥ በበሽታ ተይዘው ያውቁ እንደሆነ፥ ልጆቻቸውን ማን እንደሚያሳድግላቸው፥ ደመወዙም ይበቃቸው እንደሆነ፥ ምንም ሳይሸፋፍኑ ጠየቁ። ሲስተርም ምንም ሳይሸፋፍኑ መለሱ። ማታ የሚገቡት ታክሲ ሳይጠፋ ቀደም ብለው ከቤት በመነሣት ነው፤ ከሥራ የሚወጡትም ሲነጋ ነው። መርፌ ሁለት ጊዜ ወግቷቸዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ መድኃኒት ወስደው፥ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ እንቅልፍ አጥተዋል። ልጆቹን ያሳደጉላቸው እናታቸው ናቸው። ደመወዙ አይበቃም፤ ቅዳሜና እሑድ በግል ክሊኒክ የሚሠሩትም ስለዚህ ነው። ልጅቱ ይህን ሁሉ ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም፤ ከዚህ ቀደም ሰምታዋለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ እኚህ ሴት ሙያቸውን ለማስወደድ አንዲት ቃል እንኳ አለመጨመራቸው ከማናቸውም ምክር ይልቅ አባትየውን እንዳረካቸው ታዘብሁ። ሾፌር ሰው፥ ስለ መንገዱ አባጣ ጐርባጣ እውነቱን የነገረውን ያምናል።

እናትየው ሦስተኛውን ቡና ሲቀዱ አባትየው ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ። «የዩኒቨርሲቲ ቅጹ ሲመጣ አብረን እናየዋለን፤ እስከዚያ ድረስ ቃል አልሰጥሽም» አሏት። ጥቂት ዝም ብለውም፥ «ለማንኛውም ፊዚክሱን እንዳትተዪው፤ አሳብሽ ቢለወጥ ያስፈልግሻል» ብለው ጨመሩ።

«ፊዚክሱንማ አልተውም፥ አባዬ» አለች። «የደም ግፊት የሚለካው በሜርኩሪ ሚሊ ሜትር ነው፤ ፕሬዠር የሚለው ምዕራፍ እሱ ነው። ደግሞ ያንተ የባለፈው ወር መቶ ስድሳ በመቶ ነበረ፤ ነገ ጠዋት ከመውጣትህ በፊት ሲስተር ዘንድ ወርደህ ትለካለህ።»